የማጊ ካርድ፦ የስሙ ስህተት የእውነት ነው ወይስ ፊደሉ ተፍቆ ነው?

ዮናስ_ቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖች። የድሮ የቤዝቦል ካርድ የሚያውቅ ካለ ምክር ፈልጌ ነው። እኔ የምሰበስበው ቴምብር ነው፤ ካርድ ላይ ገና ምንም አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አሜሪካዊ አዛውንት አረፉና ልጃቸው ቤቱን ሊሸጥ ዕቃ እያወጣ ነው። ቴምብር እንደምሰበስብ ስለሚያውቅ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ከሲጋራ ፓኬት የሚወጡት የድሮ ካርዶች ናቸው። አብዛኞቹ ጥጋቸው የተበላ ነው። ሦስቱን ግን አባትየው ለብቻቸው ፖስታ ውስጥ አድርገዋቸዋል።

አንደኛው የፊላደልፊያው ማጊ ነው። ስሙ የተጻፈው ኤም፣ ኤ፣ ጂ፣ አይ፣ ኢ ተብሎ ነው። ልጁ "አባቴ ስሙ የተሳሳተው ካርድ ይሄ ነው ይል ነበር" አለኝ። ለሱ 4 ሺህ ዶላር ይፈልጋል። ጀርባው በሰማያዊ ቀለም ፒድሞንት ይላል። ሁለተኛው ኦሃራ የሚባል ተጫዋች ነው፣ ሴንት ሉዊስ የሚል ተጽፎበታል፣ ቡናማ ነገር ጠጥቶ ቆሽሿል። ለሱ 200 ብሏል። ሦስተኛው ሆነስ ዋግነር ነው፣ ያ እኔ እንኳን ስሙን የሰማሁት ዝነኛው ካርድ! እሱ ደግሞ ከሁሉም ንጹሕ ነው። ለዋግነሩ ገና ዋጋ አልቆረጠም።

ልጁ አጭበርባሪ አይደለም፣ እሱም እንደኔ አያውቅም። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። እውነተኛውን ከውሸቱ በምን ልለየው? ወደ ባለሙያ ከመላኬ በፊት ቤቴ ቁጭ ብዬ ላየው የምችለው ነገር አለ? ፎቶ ልለጥፍ ብዬ ነበር፣ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሆንም ብዬ ተውኩት።

የጀርባ_ሰው

ዮናስ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገንዘብህ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ቀብድም እንዳትሰጥ።

እነዚህ ካርዶች ሰብሳቢው ቲ206 የሚላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 አሜሪካን ቶባኮ ካምፓኒ በሲጋራና በትምባሆ ፓኬት ውስጥ እየከተተ ያወጣቸው ናቸው። ቲ206 የሚለውን መለያ የሰጣቸው ጄፈርሰን በርዲክ ነው፤ የአሜሪካን ካርዶች በፊደልና በቁጥር መድቦ ካታሎግ ያዘጋጀ ሰው። ስብስቡ ሙሉ ሲሆን 524 ካርድ ይባላል። ይሄ ግን የፊቱን ብቻ ቆጥረህ ነው።

ሁሉም ሰው ካርድ ሲያገኝ ፊቱን ያያል። እኔ ሁሌ የምለው ከጀርባ ጀምሩ ነው። ጀርባቸው ላይ የ16 ዓይነት ሲጋራና ትምባሆ ማስታወቂያ አለ። ፒድሞንትና ስዊት ካፖራል በየቦታው የሚገኙት ናቸው፣ ሶቨረንና ኦልድ ሚልም አይጠፉም፣ ድረምና ዩዚት ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰብስቦ ላያገኛቸው ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ከማስታወቂያው ጋር 150፣ 350 ወይም 460 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ በዚያ ተከታታይ ውስጥ ስንት ካርድ እንዳለ ለማሳወቅ የተጻፈ ነው። ቁጥሩ በየትኛው ዙር እንደታተመ ይነግርሃል። የቱ ፊት ከየትኛው ጀርባ ጋር እንደወጣ ሰብሳቢዎች ለብዙ ዓመታት እያመሳከሩ መዝግበውታል። ስለዚህ አንድ ካርድ ፊቱ ምንም ቢያምር፣ ጀርባው ከፊቱ ጋር ጨርሶ ያልታተመ ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ያንተን እንይ። ስሙ የተሳሳተው ማጊ የሚገኘው በፒድሞንት 150 ጀርባ ብቻ ነው። ስህተቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ስለታየ አስተካክለውታል፣ ለዚህ ነው የተሳሳተው ካርድ ጥቂት ብቻ የሆነው። ጀርባው 350 የሚል ከሆነ ወይም ስዊት ካፖራል ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ሴንት ሉዊስ የሚለው ኦሃራ ደግሞ በፖላር ቤር ጀርባ ብቻ ነው ያለው። ሬይ ዴሚት የሚባለው ተጫዋችም ሴንት ሉዊስ ተብሎ የተጻፈበት እንደዚያው ነው። ሁለቱም በ1909 ኒውዮርክ ይጫወቱ ነበር፣ በ1910 ወደ ሴንት ሉዊስ ሲሄዱ በካርዳቸው ላይ የቡድኑ ስም ተቀየረ። የተቀየረው ካርድ የወጣው ፖላር ቤር ትምባሆ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ፒድሞንት 150 መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥልህም። የተስተካከለው ተራው ማጊም በፒድሞንት 150 ጀርባ ወጥቷል። አጭበርባሪ ፈልጎ የሚገዛው ያንን ነው። የትክክለኛው ስም ፊደላት ኤም፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኢ ናቸው። የመጀመሪያዋን ኢ ሦስት አግድም መስመሮች በምላጭ ብትፍቃቸው የሚቀርህ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፣ እሱ ደግሞ አይ ነው። በቃ ተራው ካርድ ብርቅ ሆነ ማለት ነው። ካርዱ የእውነት ነው፣ ጀርባው የእውነት ነው፣ ወረቀቱ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ውሸቷ አንዲት ፊደል ውስጥ ናት። ከሁሉም የሚያስቸግረው የማጭበርበር ዓይነት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሙሉ ካርዱን በሐሰት ከሚያትም ሰው ይልቅ እውነተኛውን ካርድ ትንሽ የሚነካካ ሰው ብዙ ዓይን ያመልጣል።

ዋግነሩን ለጊዜው እርሳው። ንጹሕ ነው ካልክ እኔ ተስፋ አላደርግም። በየሙዚየሙ ሱቅና በየመጽሔቱ ውስጥ እንደ መታሰቢያ የታተመው ዋግነር ለቁጥር የሚያታክት ነው።

ሂሩት_የቀለም_ቤት

የጀርባ ሰው ትክክል ብሏል፣ እኔ ፊቱ ላይ ልጨምር። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ነው፣ ካርዱን ባልሰበስብም ሕትመቱን እወደዋለሁ።

ሦስት ነገር ግዛ፣ ሁሉም ርካሽ ናቸው። ቢያንስ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ። ተራ የእጅ ባትሪ ደግሞ ቤትህ አይጠፋም።

እነዚህ ካርዶች የታተሙት በሊቶግራፊ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው በላዩ ላይ እየተደረበ ነው የታተመው። በአጉሊ መነጽር ፊቱን ስታየው ነጠብጣብ አለ፣ ግን ሥርዓት የለውም፣ አንዱ ቦታ ጠቅጠቅ ብሎ ሌላው ቦታ ሳሳ ይላል፣ አንዳንዴም አንዱ ቀለም ከመስመሩ ወጣ ብሎ ታየዋለህ። የዛሬ ማተሚያ ግን አራት ቀለም ብቻ ነው የሚጠቀመው። ነጠብጣቡ በሥርዓት ተደርድሮ ትንንሽ ክብ አበባ ይሠራል። ያንን አበባ ቲ206 ነው በተባለ ካርድ ላይ ካየህ የቅርብ ጊዜ ሕትመት ነው። ክርክር የለውም።

ከታች ያለውን ስም ደግሞ በደንብ እየው። ብዙ ሰው ጥቁር ይመስለዋል፣ ቡናማ ነው። ለብቻው የተመታ ቀለም ስለሆነ ፊደሉ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ነጠብጣብ የለም። ቅጂ ላይ ግን ፊደሉ ራሱ ከነጠብጣብ የተሠራ ነው፣ ዳሩም ይሻክራል።

አልትራቫዮሌቱ ለወረቀቱ ነው። የዛሬ ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚያበራ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ይሄ ነገር የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ክፍሉን አጨልመህ ስታበራበት ዘመናዊው ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል፣ የ1909 ወረቀት ግን ደብዝዞ ይቀራል። ካበራ ውሸት ነው። ካላበራ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ድሮ ያልታተመበት ወረቀት ፈልጎ የሚያትም ሰውም አለ።

ተራው ባትሪ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ካርዱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገህ አብራው። የወረቀቱ ገጽ እንዳለ ይወጣል። የተፋቀ ቦታ ካለ ሁለት ነገር ታያለህ። አንደኛ ወረቀቱ ሲታተም የነበረው ስስ ልሙጥነት እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋል፣ ካርዱን ወዲያ ወዲህ ስታዘነብለው ሌላው ገጽ ሲያብለጨልጭ ያ ቦታ ዝም ይላል። ሁለተኛ የወረቀቱ ቃጫ እንደ ፀጉር ቀና ቀና ብሎ ይታያል። ጎበዝ አጭበርባሪ ያንን በማንኪያ ጀርባ ፈግፍጎ ይጫነዋል፣ ግን መልሶ እንደ ድሮው አያደርገውም።

ልኩንም ያዝ። ቲ206 ወደ 36.5 ሚሊ ሜትር ወርድና 66.7 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። አሜሪካን ቢውቲ ጀርባ ያላቸው ብቻ ጠበብ ይላሉ። ከዚያ በጣም ካነሰ ጠርዙ ተቆርጧል ብለህ ጠርጥር።

ኪሩቤል_22

ብሮ ለምን ታካብዳለህ? የተረጋገጠ ማጊ እኮ ጥጉ ተበልቶ እንኳን ከ4 ሺህ በብዙ እጥፍ ነው የሚሸጠው። ግዛውና ዕድልህን ሞክር። ውሸት ከሆነ ለሌላ ሰው ባየኸው መልክ ትሸጠዋለህ። ኦሃራውን ደግሞ ትንሽ ብሊች ነገር ውሃ ውስጥ ጨምረህ ብትነክረው ቆሻሻው ይለቃል፣ ዩቲዩብ ላይ አለ። ለልጁም ምንም አትንገረው፣ ዋጋ ያስጨምርሃል።

ጋሽ_ታዴ

ልጄ ኪሩቤል፣ ያልከው ሦስቱም ልክ አይደለም፣ በተራ ልንገርህ።

"ባየኸው መልክ" ብሎ መሸጥ እያወቁ ከሆነ ማጭበርበር ነው። እዚህ አገር ደግሞ በፖስታ የተላከ ማጭበርበር የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ ኬሚካል የነካው ካርድ ለባለሙያ ሲላክ ይታወቃል፣ ተቀይሯል ተብሎ ይመለስልሃል። ኦሃራውን ማንም እንዳይነካው። ፖላር ቤር ሲጋራ አይደለም፣ የተከተፈ ትምባሆ ነው፣ ካርዱ ከትምባሆው ጋር ተነካክቶ ነው ፓኬቱ ውስጥ የነበረው። ዮናስ "ቆሽሿል" ያለው ነገር የትምባሆ እድፍ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚመሰክርለት እሱ ነው። ሦስተኛው፣ ልጁ አባቱን ያጣ ሰው ነው። ሐዘን ላይ ካለ ጎረቤት ዝም ብሎ መውሰድ ነውር ነው።

አሁን ወደ ካርዱ ልመለስ። ዮናስ፣ የዶይልን ታሪክ ብታውቅ የራስህን ይበልጥ ይገባሃል። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ዶይል ነበሩ። ጆ ዶይል የአሜሪካን ሊጉ ሃይላንደርስ ኳስ ወርዋሪ ነው፣ ያ ቡድን በኋላ ያንኪስ የሆነው ነው። ላሪ ዶይል ደግሞ የናሽናል ሊጉ ጃያንትስ ተጫዋች ነው። አታሚዎቹ ሁለቱን ቀላቀሉና በጆ ካርድ ላይ "ኒውዮርክ ናሽናል" ብለው መቱበት። ስህተቱ ሲታይ "ናሽናል" የሚለውን አጠፉት፣ "ዶይል፣ ኒውዮርክ" ብቻ ቀረ። ናሽናል የሚለው ያለበት በፒድሞንት 350 ጀርባ ብቻ ነው የሚገኘው፣ የሚታወቁትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከማጊ በላይ ብርቅ ነው።

እዚያ ላይ አጭበርባሪው የሚሠራው የተገላቢጦሹን ነው። ማጊ ላይ ይፍቃል፣ ዶይል ላይ ይጨምራል። ሂሩት ያለችው ምርመራ ለሁለቱም ይሠራል፣ ግን የምትፈልጉት ምልክት ይለያያል። የተፋቀ ሲሆን የምታዩት የቆሰለ ወረቀት ነው። የተጨመረ ሲሆን ቀለሙን ነው የምታዩት። አዲስ ቀለም ያረጀ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ስንጥቅ ካገኘ ውስጡ ይገባል። የመቶ ዓመት ቀለም ግን ስንጥቁ ሲመጣ አብሮ ይሰነጠቃል እንጂ አይሞላውም። ካርዱ ፊደሉ ላይ እጥፋት ካለው መጀመሪያ እዚያ ጋ እዩ።

ስለ ባለሙያ ድርጅቶችም ልናገር። ፒኤስኤ እና ኤስጂሲ የሚባሉት ናቸው በብዛት የሚታወቁት። አይተው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በፕላስቲክ አሽገው ይመልሳሉ። ለመሸጥ ከሆነ የግድ ነው፣ ያልታሸገ ማጊ ደህና ገንዘብ የሚሰጥበት ሰው የለም። ነገር ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ስለገባ ብቻ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ፒኤስኤ በ1991 ሲጀመር መጀመሪያ ደረጃ የሰጠው ካርድ ዋግነር ነበር፣ ከ10 8 ሰጠው። በዚያው ዓመት የሆኪው ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪና የቡድኑ ባለቤት ብሩስ ማክኖል በ451 ሺህ ዶላር ገዙት። ካርዱ እየተሸጠ በ2007 ወደ 2.8 ሚሊዮን ደረሰ፣ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት የሆነው ኬን ኬንድሪክ ወሰደው። ጠርዙ ተቆርጧል የሚል ሐሜት ሁሌም ነበር። በ2013 ካርዱን ቀድሞ ይዞት የነበረው የጨረታ ነጋዴው ቢል ማስትሮ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ እኔ ነኝ የቆረጥኩት አለ። ዋናው ክሱ የጨረታ ማጭበርበር ነበር፣ በ2015 20 ወር ተፈረደበት። እንግዲህ በዓለም ላይ ከሁሉም የታወቀው ካርድ ነው ይሄ። ያ ሁሉ ሰው አይቶት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ጠርዙ ላይ ያለው ነገር ለመነገር ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ።

ዮናስ፣ ልጁ ቤት ሂድና አብራችሁ እዩት። እሱ ባለበት ቢታይ ላንተም ለሱም ይሻላል።

ዮናስ_ቨርጂኒያ

ጋሽ ታዴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያሉትን አደረግኩ። ሂሩት፣ የጀርባ ሰው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁ ቤት ሄጄ የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ አየናቸው። ያየሁትን እንዳለ ልጻፍ።

ዋግነሩ ወዲያው ነው ያለቀው። መብራቱን አጥፍተን አልትራቫዮሌቱን ስናበራ እንደ አዲስ ሸሚዝ ቦግ አለ። በአጉሊ መነጽር ስሙ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው፣ ሂሩት ያለችው አበባም ፊቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፣ ግን ተቀበለ።

ማጊው ጨርሶ አላበራም። ልኩ ልክ ነው። ስሙ ቡናማ ነው፣ ፊደሎቹ ሙሉ ናቸው። ጀርባው ፒድሞንት 150 ይላል፣ ከታች ፋብሪካ ቁጥር 25፣ 2ኛ ዲስትሪክት፣ ቨርጂኒያ ይላል። እዚህ ድረስ ልቤ እየመታ ነበር።

ከዚያ ባትሪውን ከጎን አበራሁት። አይ የምትለዋ ፊደል ከጂ ጋር ያላት ርቀት ትንሽ ነው። ከእሷ በኋላ ካለችው ኢ ጋር ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ሌላ ፊደል ሊገባበት ምንም አይቀረው። ክፍተቱ ላይ ደግሞ ወረቀቱ አያብለጨልጭም፣ ልጁም እኔ ሳልነግረው "እዚህ ጋ ደረቅ ነው" አለኝ። ቃጫው ቆሟል ለማለት አልደፍርም፣ ግን ሻካራ ነው። አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ከአይ እግር ሥር በስተቀኝ በጣም ትንሽ ቡናማ ነጥብ ትታያለች፣ በዓይን አትታይም፣ በመነጽሩ ብቻ ነው ያየኋት።

ኦሃራው ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጽሑፉ ነጭ ነው፣ ፖላር ቤር ይላል። እድፉ ከፊትም ከጀርባም አለ። አላበራም።

ምን ትላላችሁ? ፎቶ ለማውጣት ልጁ ፈቅዷል፣ ከታች አያይዣለሁ።

ሂሩት_የቀለም_ቤት

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ አድርገህ ነው ያነሳኸው።

በፎቶ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፣ ግን እኔ ብሆን 4 ሺህ አልከፍልም። ያቺ ነጥብ ናት ያሳመነችኝ። ኢ የምትባለው ፊደል ሦስት አግድም መስመር አላት፣ የታችኛው ከእግሯ ተነስቶ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ያንተ ነጥብ ያለችው ልክ እዚያ ነው። የፋቀው ሰው ወደ ግንዱ ሲጠጋ እጁን ያዝ አድርጎ ትንሽ ቀለም የተወ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ያንን ደግሞ ልፋቅ ቢል ግንዱ ራሱ ይጎዳበታል።

ክፍተቱም ያንኑ ነው የሚናገረው። የስህተቱ ካርድ ከመጀመሪያውም አይ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ፊደሎቹን ሲደረድር ለአይ የሚበቃትን ቦታ ብቻ ነው የሚሰጣት። ተፍቆ የመጣ አይ ግን የተቀመጠው ለኢ በተሰጠ ሰፊ ቦታ ግራ ጥግ ላይ ነው። ይሄንን አንተም ማረጋገጥ ትችላለህ። የትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ድሮ የሸጧቸው የተረጋገጡ ማጊዎች ፎቶ በትልቁ አለ። ሁለት ሦስቱን አውርድና የካርዱን ወርድ ካንተ ጋር አንድ ልክ አድርገህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የተራውንም ማጊ አንድ ጨምርበት። የአንተው የስም ርዝመት ከተራው ጋር እኩል ከሆነ መልሱን አገኘህ።

የጀርባ_ሰው

ሂሩት ያለችውን እኔም አደረግኩት፣ ከሁለት የተረጋገጡና ከአንድ ተራ ማጊ ጋር አስተያየሁት። የፎቶው አንግል ትንሽ ያዘነበለ ቢሆንም የዮናስ ካርድ ስም የሚገጥመው ከተራው ጋር ነው። ማዕዘኑን አቃንተህ ድጋሚ ብታነሳው ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ሐሳቤን የምቀይር አይመስለኝም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ካርዱ የእውነት ቲ206 ነው፣ የሼሪ ማጊ ተራ ካርድ ነው፣ ስሙ ላይ ተነክቷል። የተነካ ካርድ ደግሞ ካልተነካው ተራ ካርድም ያንሳል። አባትየው ራሳቸው ያደረጉት ነው ብዬ አላስብም፣ እንዲህ ያሉ ካርዶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የቆዩ ናቸው፣ ምናልባት እሳቸውም ተሸውደው ገዝተውት ይሆናል። ለልጁም እንደዚያ ንገረው። ተጫዋቹ ራሱ ግን ተራ አልነበረም፣ በ1910 ናሽናል ሊግን በመምታት አማካይ የመራው እሱ ነው። ልጁ ለአባቱ መታሰቢያ ቢያስቀምጠው ደስ ይለኛል። ካልሆነና ከሸጠው ስሙ የተነካ መሆኑን ይጻፍበት፣ ካርዱ ነገ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ያ ሰው እንዳይታለል።

ኦሃራውን በተመለከተ ግን ደስ የሚል ነገር አለኝ። ጀርባው ፖላር ቤር ነው፣ ወረቀቱ አያበራም፣ እድፉ ከትምባሆ የመጣ ይመስላል። የቡድኑን ስም ፎቶ አጉልቼ አየሁት፣ ሴንት ሉዊስ የሚለው ከስሙ ጋር በአንድ ቀለምና በአንድ መስመር ነው ያለው፣ ዙሪያው ያለው ወረቀትም ከሌላው ጋር እኩል ያብለጨልጫል። የተፋቀም የተጨመረም ነገር አላየሁም። ይሄ ካርድ ደረጃው ዝቅ ቢልም ከተራ ቲ206 በብዙ እጥፍ የሚፈለግ ነው። 200 ዶላር ለሱ ትንሽ ነው። ልጁ ሳያውቅ እንዳትገዛው።

ኪሩቤል_22

እሺ ጋሽ ታዴ፣ የብሊቹን ነገር አንስቻለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ መንከርም ይከለከላል? ብዙ ሰብሳቢ ያደርገዋል ይባላል።

ጋሽ_ታዴ

አልበም ላይ በሙጫ የተለጠፈን ካርድ በንጹሕ ውሃ ማላቀቅ ብዙዎች ይፈቅዱታል፣ ምክንያቱም ከካርዱ ላይ የሚያነሳው በኋላ የመጣውን ሙጫ ብቻ ነው፣ ከራሱ ከካርዱ ምንም አይወስድም። ኦሃራው ግን ሙጫ የለበትም። ያለበት ከፓኬቱ ጀምሮ የነበረ እድፍ ነው። ለምን ይነከራል?

ዮናስ_ቨርጂኒያ

ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት። ማጊውን አይሸጥም፣ እሱ ጋ ይቆያል። ኦሃራውን አብረን ለደረጃ እንልከዋለን፣ ወጪውን እኔ ልሸፍን፣ ከተሸጠ በኋላ ይመልስልኛል ብለን ተስማማን። ለመላክ ምን ላድርግ? ሣጥኑ ውስጥ የቀሩትስ ይጣሉ?

የጀርባ_ሰው

እንዳትጥል!

ለመላኩ፣ ካርዱን ስስ የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ክተተው፣ ከዚያ ለስላሳውን መያዣ አድርግበት፣ ጠንካራውን እንዳታደርግ፣ ሲያወጡት ጥጉን ሊነኩት ይችላሉ። ሁለት ካርቶን መሃል አድርገህ በወረቀት ማጣበቂያ ያዘው፣ ማጣበቂያው እጀታውን እንዳይነካ። ኢንሹራንስ ግባለት፣ የመላኪያ ቁጥሩን ያዝ። ከመላክህ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርገህ አስቀምጥ።

የቀሩትን ካርዶች ግን ተራ ናቸው ያልከው ፊታቸውን አይተህ ነው። ሁሉንም ገልብጣቸው። ተጫዋቹ ማንም አያውቀው፣ ጥጉ የተበላ ይሁን፣ ጀርባው ላይ ድረም፣ ሌኖክስ፣ ዩዚት፣ ካሮላይና ብራይትስ ወይም ብሮድ ሊፍ የሚል ካለ ለብቻው አስቀምጠው። ሂንዱ የሚል ካገኘህ ቀለሙን እይ፣ ቡናማም ቀይም አለ፣ ቀዩ ይበልጣል። ኦልድ ሚል በጥቁር ሳይሆን በቡናማ ቀለም የታተመ ካገኘህ ደግሞ በጣም ብርቅ ነውና እጅህን ታጠብና ከዚያ በኋላ ብቻ ንካው። ስዊት ካፖራል ከሆነ ከታች ያለውን የፋብሪካ ቁጥር ጻፍልን፣ አንዳንዱ ላይ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ ሌላ በላዩ ላይ ተመትቷል።

የተጫዋቹን ስም፣ የጀርባውን ስምና ቁጥሩን በተራ ጻፍና እዚሁ ለጥፈው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።